«ፈቃድ» የምትለዋ ቃል

የመጣልኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ጠያቂዎቹ የአንድ አነስተኛ የነዋሪዎች ማኅበር አባላት ናቸው። እስከ ዛሬ ሰላማዊ ሰልፍ ሲያስቡ ከጥቂት ቀናት በፊት የማሳወቂያ ደብዳቤ ያስገቡና ይወጡ ነበር። አሁን አዲስ ረቂቅ ሕግ ቀርቧል። ማሳወቅ ቀርቶ ማስፈቀድ ሊሆን ነው። ፊትን መሸፈን ያስቀጣል። «ከባድ መስተጓጎል» ያደረሰ ይታሰራል። ለጥበቃና ለጽዳት የወጣውን ገንዘብ አዘጋጁ ይከፍላል። አንድ ሰልፈኛ ቢያጠፋ አዘጋጁ አብሮ ይጠየቃል። አባላቱ ለሁለት ተከፍለዋል። ግማሹ «ፍርድ ቤት እንሂድ» ይላል። ግማሹ «የመጣው ይምጣ፣ ዝም ብለን እንውጣ» ይላል። «እርስዎ በእኛ ቦታ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት ረቂቁን እስክሪብቶ ይዤ አነበዋለሁ። የሰው ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው ቅጣቱ ላይ ነው። ስንት ዓመት ያሳስራል? ስንት ያስከፍላል? እኔ የምፈልገው ግሱን ነው። «ያሳውቃል» ነው የሚለው ወይስ «ያስፈቅዳል»? ለሃያ ዓመት ያህል የሰልፍ ጉዳይ ይዤ ፍርድ ቤት ተመላልሻለሁ። መብቱ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚያች ግስ ላይ እንደሆነ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ልዩነቱን ላፍታታው፤ የቀረው ነገር ሁሉ ከዚህ ይነሳል። ስታሳውቁ መብቱ ቀድሞም የእናንተ ነው። ደብዳቤያችሁ ለፖሊስ «በዚህ ቀን በዚህ መንገድ እንሄዳለን፤ መኪናውን በሌላ በኩል አሳልፉ፣ እኛንም ጠብቁን» ማለት ነው። መልስ ባይመጣም ትወጣላችሁ። ስታስፈቅዱ ግን መብቱ የቢሮው ይሆናል። መልስ ካልመጣ ቀራችሁ። ሰልፋችሁን ለማስቀረት ማንም ሰው «አይቻልም» ብሎ መፈረም አያስፈልገውም። ዝም ማለት ይበቃል። ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ያድራል፣ ቀኑ ያልፋል፣ በቃ። ከልካዩ የማይታወቅ ክልከላ ነው። የተጻፈ ውሳኔ ስለሌለ ይግባኝ የምትሉበት ነገር እንኳ አይኖራችሁም።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማርኩትም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ የሠራተኞች ስብስብ የማሳወቂያ ደብዳቤ እንዳስገባለት ላከኝ። በጊዜው ሕጉ የሚጠይቀው ማሳወቅ ብቻ ነበር። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ሰው ደብዳቤውን አነበበና «ይኼ እኮ መጀመሪያ ከበላይ መፈቀድ አለበት» አለኝ። አንቀጹን አውጥቼ አሳየሁት። «አውቀዋለሁ፤ ግን አልቀበልም» አለ። ግልባጬ ላይ ገቢ ቁጥር አልጻፈበትም። ማህተምም አልመታበትም። ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ። ገና ልጅ ነበርኩ፤ የሚበቃ መስሎኝ ነበር። ሰዎቹ ሰልፍ ወጡ። ተበተኑ። ሦስቱ «ሳታሳውቁ ሰልፍ ጠርታችኋል» ተብለው ተከሰሱ። ዳኛው ፊት ቆሜ «አሳውቀናል» ስል ዳኛው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ማስረጃ?» አልነበረኝም። የሦስቱ ሰዎች ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም።

ስለዚህ ሕጉ ተለወጠም አልተለወጠም ይህን ዛሬ ጀምሩ። ደብዳቤ ስታስገቡ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። ግልባጩ ላይ ቀን፣ ገቢ ቁጥርና የተቀባዩ ፊርማ ሳይሰፍር ከመስኮቱ አትራቁ። አልቀበልም ካሏችሁ አትጨቃጨቁ። እዚያው በር ላይ ቆማችሁ ማን እንዳናገራችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደነበረና በትክክል ምን እንዳለ ጻፉት። ሁለታችሁም ፈርሙበት። በዚያው ቀን ያንኑ ደብዳቤ በአደራ ፖስታና በኢሜይል ላኩት። አሰልቺ ሥራ ነው፣ አውቃለሁ። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ክርክሩ የሚረታው በዚህ ወረቀት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አሁን ወደ ረቂቁ እንግባ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መነሻችሁ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አንቀጽ 21 ነው። ቃል ኪዳኑ በ1966 ጸድቆ በ1976 ሥራ ላይ ዋለ። ከ170 በላይ አገሮች ተቀብለውታል፤ የእናንተም አገር ከእነዚህ አንዷ ሳትሆን አትቀርም። አንቀጹ በሰላም የመሰብሰብን መብት ካወቀ በኋላ መንግሥት መቼ ሊገድበው እንደሚችል ይዘረዝራል። ገደቡ በሕግ የተመሠረተ መሆን አለበት። በዴሞክራሲያዊ ኅብረተሰብ ውስጥ በእርግጥ አስፈላጊ መሆን አለበት። ዓላማውም ከተዘረዘሩት አንዱ መሆን አለበት። እነሱም የአገር ደኅንነት፣ የሕዝብ ደኅንነት፣ የሕዝብ ሰላምና ሥርዓት፣ የሕዝብ ጤና ወይም ሞራል፣ የሌሎች ሰዎች መብትና ነፃነት ናቸው። ዝርዝሩ እዚህ ላይ ያልቃል። «የውጭ እንግዳ ሊመጣ ነው» የሚል ምክንያት እዚያ ውስጥ የለም። «የከተማውን ገጽታ ያበላሻል» የሚልም የለም። «ባለሥልጣኑን ያስቀይማል» የሚልም የለም።

በ2020 የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ ይህን አንቀጽ የሚያብራራ ሰነድ አወጣ። አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 37 ይባላል። የእኔ ኮፒ ጠርዙ ተበልቷል፤ ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ ነው የሚውለው። ረቂቁን ከዚህ ሰነድ ጎን ዘርግታችሁ አንብቡት። ያስጨነቋችሁ ነጥቦች ሁሉ እዚያ አሉ።

ሰነዱ ሰዎች ለመሰብሰብ ፈቃድ መጠየቅ ካለባቸው መሰብሰብ መሠረታዊ መብት ነው የሚለው ሐሳብ ይሸረሸራል ይላል። ፈቃድ የሚጠይቅ ሕግ ያላቸው አገሮችም በተግባር እንደ ማሳወቂያ ሊሠሩበት ይገባል። ከባድ ምክንያት ከሌለ ፈቃዱ ያለ ክርክር ይሰጣል ማለት ነው። ሳያሳውቁ መውጣት ብቻውን ሰልፍ ለመበተን ወይም ሰው ለማሰር ምክንያት አይሆንም። ድንገት ለተፈጠረ ነገር ድንገት የሚወጣ ሰልፍ ደግሞ ቀድሞ ማሳወቅ አይጠበቅበትም። የጥበቃ፣ የሕክምናና የጽዳት ወጪን አዘጋጆች ላይ መጫን በአጠቃላይ ከአንቀጽ 21 ጋር አይሄድም። መገፋፋት፣ ወይም የመኪናና የእግረኛ መንገድ መስተጓጎል፣ ሰልፉን «ሰላማዊ ያልሆነ» አያሰኘውም።

ስለ ፊት መሸፈን ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው «የሚደብቀው ከሌለው ለምን ይሸፈናል?» ሲል እሰማለሁ። የሚደብቀው አለው። አለቃው በቪዲዮ አይቶት ከሥራ እንዳያባርረው የሚፈራ ሠራተኛ አለ። ከምትሸሸው ባሏ አድራሻዋን የምትደብቅ ሴት አለች። ዛሬ አንድ ካሜራ የሺህ ሰው ፊት በሰከንዶች ለይቶ ስም ሊሰጥ በሚችልበት ጊዜ ጨርቁ ለእነዚህ ሰዎች መከለያ ነው። ኮሚቴውም ሰዎች ማንነታቸውን ሳይገልጡ እንዲሳተፉ ሊፈቀድላቸው ይገባል ብሏል። ይህ የማይሆነው የሰውዬው ድርጊት ለመያዝ በቂ ምክንያት ሲሰጥ ወይም ሌላ አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖር ነው። የሚያስጠይቀው ያደረገው ነገር ነው፤ የለበሰው ጨርቅ አይደለም።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ይህ ሰነድ እንደ አዋጅ ዳኛውን አያስገድድም። ዳኛው ቃል ኪዳኑን ሲተረጉም የሚሰማው የባለሙያ ድምፅ ነው። ስለዚህ ብቻውን አታቅርቡት። ከሕገ መንግሥታችሁ አንቀጽ ጋር አስሩት። አፍሪካ ውስጥ ከሆናችሁ የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር አንቀጽ 11ን ጨምሩ። አውሮፓ ውስጥ ከሆናችሁ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ስምምነትም አንቀጽ 11 ነው። ቁጥሩ መገጣጠሙ ለማስታወስ ይመቻል።

ከዚያ የሌሎች አገሮችን ፍርዶች አምጡ። እኔ ሁልጊዜ የማነሳው የደቡብ አፍሪካውን ነው። በመስከረም 2013 ኬፕታውን ውስጥ የማኅበራዊ ፍትሕ ጥምረት የሚባል ድርጅት አባላት በድሃ ሰፈሮች ስላለው የመጸዳጃ ችግር ከከተማው አስተዳደር ጋር ለመነጋገር ሞክረው አልሆነላቸውም። በአገሪቱ የስብሰባዎች ሕግ መሠረት ከ15 ሰው በላይ ለሚሳተፍበት ሰልፍ ማሳወቅ ግዴታ ነበር። ስለዚህ ልክ 15 ሆነው ለመውጣት ተስማሙ። የአስተዳደሩ ሕንፃ ብረት ላይ ራሳቸውን በሰንሰለት አሰሩ። እየቆየ ሌሎች ሰዎች መጥተው ተቀላቀሉ። ቁጥራቸው ከ15 አለፈ። አዘጋጆቹ ታሰሩ፣ ተከሰሱ፣ ጥፋተኛ ተባሉ።

እስቲ አስቡት። 15 ሰው ሲቆም መብት ነው። አሥራ ስድስተኛው ከመንገድ ማዶ ተሻግሮ ሲመጣ ወንጀል ይሆናል። የመጣውን ሰው ደግሞ እናንተ አልጠራችሁትም። ጉዳዩ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ሄደ። በኅዳር 2018 ፍርድ ቤቱ ሳያሳውቁ ሰልፍ መጥራትን ወንጀል የሚያደርገው ድንጋጌ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። የምሉንግዋና ጉዳይ ይባላል። ማሳወቁ ቀርቷል አላለም፤ ያነሳው የወንጀል ቅጣቱን ነው። ምክንያቱንም ልብ በሉት። የወንጀል ቅጣት የተቀጣውን ሰው ብቻ አይጎዳም፤ ገና ያልወጣውን ሰው ያስፈራዋል፣ ቤቱ ያስቀምጠዋል። የእናንተ አባላት ላይ አሁን የደረሰው ይኸው ነው። ሕጉ ገና አልጸደቀም፤ ግማሾቹ ግን ከወዲሁ ቀርተዋል።

የኡጋንዳው ታሪክ ደግሞ ትዕግሥት ያስተምራል። በ2008 የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ፖሊስ ሰልፍ እንዲከለክል ሥልጣን የሚሰጠውን የፖሊስ ሕግ አንቀጽ ሻረ። በ2013 ስለ ሕዝብ ሥርዓት አስተዳደር የሚል አዲስ ሕግ ወጣ። አንቀጽ 8 ያንኑ ሥልጣን በሌላ ልብስ ይዞት መጣ። በዚያው ዓመት የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ከሰሱ። ፍርዱ የተሰጠው በመጋቢት 2020 ነው። አንቀጽ 8ም ተሻረ። ከስድስት ዓመት በላይ ጠበቁ ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት ስንት ሰልፍ ሳይወጣ ቀርቶ ይሆን?

ለዚህ ነው ሕጉ ገና ረቂቅ እያለ ተሯሯጡ የምላችሁ። ረቂቅ ላይ አንድ ቃል ማስቀየር፣ ከጸደቀ በኋላ ስድስት ዓመት ከመከራከር ይሻላል። አስተያየት ስትጽፉ «ዴሞክራሲን ይጎዳል» ብላችሁ አትተዉት። እውነት ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ላለ ዓረፍተ ነገር መልስ የሚሰጥ ባለሥልጣን የለም። አንቀጽ በአንቀጽ ሂዱ። «አንቀጽ ይህን ያህል ላይ ‹ያስፈቅዳል› የሚለው ‹ያሳውቃል› ተብሎ ይስተካከል» በሉ። ያንን እምቢ ካሏችሁ ወደ ሁለተኛው መስመር ውረዱ። በ24 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ካልተከለከለ እንደተፈቀደ ይቆጠር በሉ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከገባች መሳቢያው ኃይሉን ያጣል። ክልከላ ሁሉ ምክንያቱ ተጽፎ ይሰጥ በሉ። ይግባኙም ሰልፉ ከታሰበበት ቀን በፊት እንዲታይ ጠይቁ። ከሰልፉ ቀን በኋላ የሚመጣ የድል ፍርድ ለእናንተ ምን ያደርጋል? ድንገተኛ ሰልፍ ከግዴታው ውጭ እንዲሆንም ጨምሩ።

ስለ ድንገተኛ ሰልፍ አንድ ጥሩ ፍርድ አለ። በ2002 የሩማኒያ ጠቅላይ ሚኒስትር ቡዳፔስት ላይ ግብዣ አዘጋጁ። የሃንጋሪው ጠቅላይ ሚኒስትር እንደሚገኙ የተነገረው ከአንድ ቀን በፊት ነው። ሕጉ ግን 72 ሰዓት ቀድማችሁ አሳውቁ ይላል። ወደ 150 የሚሆኑ ሰዎች ሆቴሉ ፊት ለፊት ወጡ፤ ፖሊስ በተናቸው። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2007 በቡክታ ጉዳይ፣ ማሳወቂያ አልነበረም በሚል ብቻ ሰላማዊ ሰልፍ መበተን ጥሰት ነው አለ።

የአዘጋጁ ተጠያቂነት ላይም ጠንከር በሉ። እዚህ ላይ የምጠቅሰው ፍርድ ለእኔ ቅርብ ነው፤ ባለጉዳዩ ጠበቃ ስለነበር። ሮላን ኤዜለን ይባላል። በ1983 ጓዴሎፕ ውስጥ ሰልፍ ላይ ነበር። ሌሎች ሰልፈኞች ተሳደቡ፣ ግድግዳ ላይ ጻፉ። እሱ ምንም አላደረገም። ሆኖም ሰልፉን ጥሎ ባለመሄዱ በሙያው ተገሠጸ። የአውሮፓው ፍርድ ቤት በ1991 ሰውየው ራሱ እስካላጠፋ ድረስ መብቱ ሊነካ አይገባም ብሎ ፈረደ። ተግሣጹ ቀላል መሆኑ እንኳ ነገሩን አላዳነውም። ሰው የሚጠየቀው በራሱ እጅ ሥራ ነው። ረቂቃችሁ ይህን ገልብጦታል።

«ከባድ መስተጓጎል» የሚለው ሐረግ በጣም ያሳስበኛል። ከባድ ስንት ነው? አሥር ደቂቃ የቆመ አውቶቡስ ነው ወይስ በር የተዘጋበት ሆስፒታል? ብሪታንያ የሆነውን ላውጋችሁ። በ2023 መንግሥት የዚሁኑ ሐረግ መለኪያ ዝቅ የሚያደርግ ትርጉም ሕግ ውስጥ ሊያስገባ ሞከረ። የላይኛው ምክር ቤት አልቀበልም አለ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ያንኑ ትርጉም ከሕግ በታች በሆነ ደንብ አማካይነት አወጡት። በአዲሱ ትርጉም «ከባድ» ማለት «ከቀላል ያለፈ» ማለት ሆነ። ሊበርቲ የተባለው የመብት ድርጅት ከሰሰ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በግንቦት 2024 ደንቡን ሕገ ወጥ ነው አለ። ይግባኝ ሰሚውም በግንቦት 2025 አጸናው። ሚኒስትሯ ፓርላማው ያልሰጣቸውን ሥልጣን ተጠቅመዋል ነው ነገሩ። ከዚህ የምትወስዱት አንድ ነገር አለ። ሕጉ ከጸደቀ በኋላ ወደ ቤታችሁ አትግቡ። ደንቡንና መመሪያውን ጠብቁ። ብዙ ጊዜ ጥርሱ የሚወጣው እዚያ ነው።

የማይመቸውንም መናገር አለብኝ። መስተጓጎል ሁሉ ጥበቃ የለውም። በ2003 የሊትዌኒያ ገበሬዎች በተፈቀደላቸው ቦታ ተሰልፈው ነበር። በኋላ ግን ትራክተራቸውን ይዘው ዋና ዋና አውራ ጎዳናዎችን ዘጉ። ቁጣቸው ይገባኛል፤ የእርሻ ምርታቸው ዋጋ ወድቆባቸው ነበር። ሆኖም የአውሮፓው ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎት በ2015 ቅጣቱ መብታቸውን አልጣሰም አለ። ሰልፍ በራሱ ከሚያመጣው መጨናነቅ አልፎ፣ ሆን ብሎ የሌላውን ሰው ኑሮ ማቆም ሊያስቀጣ ይችላል። አንዳንድ ባልደረቦቼ በዚህ ፍርድ አይስማሙም። እኔ ግን ደንበኞቼን ሳልነግራቸው ወደዚያ አልልክም።

አሁን ወደ ክርክራችሁ ልምጣ። ፍርድ ቤት ወይስ አደባባይ? ይህን ስጠየቅ የማነሳው የ1963ን በርሚንግሃም ነው። የአላባማዋ ከተማ ሰልፍ በፈቃድ ብቻ የሚል ደንብ ነበራት። የከተማው ኮሚሽነሮች «ለሕዝብ ጥቅም፣ ለሰላም፣ ለጨዋነት፣ ለምቾት» እያሉ እንዳሻቸው ሊከለክሉ ይችሉ ነበር። የጥቁር አሜሪካውያን የመብት ንቅናቄ ተወካይ ፈቃድ ልትጠይቅ ስትሄድ ኮሚሽነር ኮነር ፈቃድ እንደማያገኙ፣ ይልቁንም እስር ቤት እንደሚያስገቧቸው ነገሯት። ከዚያም ከተማዋ የእነሱን ክርክር ያልሰማ የፍርድ ቤት እግድ አወጣችባቸው። በስቅለት ዕለት 52 ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው፣ በሥርዓት፣ በእግረኛው መንገድ ሄዱ። የንቅናቄው መሪዎች ማርቲን ሉተር ኪንግና ፍሬድ ሸትልስወርዝ ከታሰሩት መካከል ነበሩ።

ከዚያ ሰልፍ ሁለት ክስ ተወለደ። አንደኛው የፍርድ ቤቱን እግድ መጣስ ነው። በ1967 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 ፈረደባቸው። እግዱ ስህተት ቢሆንም መጀመሪያ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ ማስነሳት ነበረባችሁ አላቸው። ኪንግ አምስት ቀን ሊታሰር ተመልሶ ገባ። ሁለተኛው ያለ ፈቃድ መሰለፍ ነው። በ1969 ያው ፍርድ ቤት፣ ያንኑ የስቅለት ሰልፍ ዓይቶ፣ ለባለሥልጣን ገደብ የሌለው ሥልጣን የሚሰጥ የፈቃድ ደንብ ዋጋ የለውም አለ። ሸትልስወርዝ ነፃ ወጣ።

መንገዱ አንድ፣ ቀኑ አንድ፣ ሰዎቹ አንድ። ውጤቱ ግን ለየቅል። ሕጉ በየአገሩ ቢለያይም እኔ ለሁሉም ደንበኛዬ የምሰጠው ምክር ከዚህ የተቀዳ ነው። ቢሮ ደብዳቤያችሁን ዝም ቢል፣ ወይም ያለ ምክንያት ቢከለክል፣ በኋላ ዳኛ ፊት የምትከራከሩበት ብዙ ነገር አለ። የፍርድ ቤት ትዕዛዝ በስማችሁ ከመጣ ግን በዚያው ሰዓት ቁሙ። በዚያው ሰዓት ደግሞ ጠበቃችሁ ይግባኝ ይዞ ይሩጥ። «ዝም ብለን እንውጣ» የሚሉት አባሎቻችሁ ይህን ልዩነት ሳያውቁ እንዳይወጡ።

በፍርድ ቤት ብቻም አይደለም የሚረታው። ካናዳ፣ ኬቤክ ውስጥ በግንቦት 2012 በተማሪዎች ሰልፍ መሐል በረቂቅ ቁጥሩ 78 የሚታወቅ ሕግ ወጣ። 50 ሰውና ከዚያ በላይ የሚወጣበት ሰልፍ ቢያንስ ስምንት ሰዓት ቀድሞ ከነመንገዱ ለፖሊስ ይታወቅ አለ። ሰዉ ምን አደረገ? ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን ድስትና ማንኪያ ይዞ በረንዳው ላይ ወጣ። ሽማግሌው፣ ልጁ፣ ተማሪ ሆኖ የማያውቀው ሁሉ እየቀጠቀጠ ወደ መንገዱ ወረደ። በየሰፈሩ። የትኛው አዘጋጅ ያሳውቅ? በሰኔ ፍርድ ቤት ሕጉን እንዲያግድ ቢጠየቅ እምቢ አለ። በመስከረም ግን ምርጫ ተደርጎ አዲስ መንግሥት መጣና ድንጋጌዎቹን አነሳ። እናንተም ከማኅበራችሁ ውጭ ሰው ፈልጉ። የሠራተኛ ማኅበር፣ የእምነት ተቋም፣ የጋዜጠኞች ማኅበር፣ በሐሳብ የማትስማሙት ቡድን ጭምር። ይህ ሕግ ነገ እነሱንም ይነካቸዋል፤ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

የፈሩት አባሎቻችሁን አታሳፍሯቸው። አደራ። የታመመች እናት የሚያስታምም፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ያላለቀለት፣ ከዚህ በፊት ታስሮ የወጣ ሰው አለ። ሁሉም ሰው ከፊት መቆም የለበትም። አንዷ ቤት ተቀምጣ ስልክ ትጠብቅ፤ ማን ወጣ፣ ማን ተመለሰ እያለች ትመዝግብ። አንዱ ዳር ቆሞ ሰዓቱንና ያየውን ብቻ ይጻፍ። አንዱ የጠበቃውን ስልክ ቁጥር በየሰዉ ክንድ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፍ፤ ሞባይል ከተወሰደ የሚቀረው እሱ ነው። እኔ ያየሁት ሥራ ሲሰጠው ፍርሃቱ የማይቀንስ ሰው ጥቂት ነው።

ሰልፉን ግን አታቋርጡ። ትንሽም ብትሆን፣ አሥር ሰውም ቢወጣ፣ ሕጉ እስኪጸድቅ ድረስ ባለው ጊዜ በአሁኑ ሕግ አሳውቃችሁ ውጡ። አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው ይባላል። እያንዳንዱ ማህተም ያረፈበት ግልባጭና እያንዳንዱ በሰላም ያለቀ ሰልፍ ነገ ለዳኛው የምታሳዩት ነው። «ማሳወቅ በቂ ነበር፤ ይኸው፣ አንድም ችግር አልተፈጠረም» ትላላችሁ። ያኔ «ፈቃድ ለምን አስፈለገ?» የሚለውን ጥያቄ መመለስ ያለበት መንግሥት ይሆናል።

አንድ ነገር አልጻፋችሁልኝም። ረቂቁ ላይ አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ መቼ ያበቃል? ነገ ጠዋት መጀመሪያ እሱን አጣሩ። የአገራችሁን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃም ከአሁኑ ያዙ። አስተያየታችሁን ስትጨርሱ ከማስገባታችሁ በፊት ላኩልኝ። አነበዋለሁ። ስታስገቡም ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ ግልባጩንም ይዛችሁ።